ትውልደ ኮሎምቢያ አሜሪካዊ ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ስያሜ ያለቦታው ሲገባ ማየት አንገሽግሾኛል። ሻኪራ «ኮሎምቢያዊት አሜሪካዊት» ትባላለች። ለምን? ማያሚ ስለምትኖር። የመኪና እሽቅድምድሙ ሁዋን ፓብሎ ሞንቶያም ይህንኑ ስም ይለጠፍበታል። ለምን? የኢንዲያናፖሊስ 500ን በ2000 እና በ2015 ስላሸነፈ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሌላ በኩል ደግሞ አሌሃንድሮ ቤዶያ አለ። ኒው ጀርሲ ተወልዶ፣ ፍሎሪዳ አድጎ፣ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰልፏል። እሱን «ኮሎምቢያዊው አማካይ» ይሉታል። ስያሜው ለማይመለከተው ይታደላል፣ የሚገባው ደግሞ ይነፈጋል።

ሥራዬ የዜግነት ሰነድ ነው። ለሌላው ሰው የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ነገር እኔ ጋ ሲመጣ የሰው ኑሮ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም።

ስያሜው የሚመልሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ሰውዬው የየት አገር ዜጋ ነው? የአሜሪካ። ቤተሰቡ ከየት መጣ? ከኮሎምቢያ። በቃ። የት ቤት እንደገዛ፣ በምን ቋንቋ እንደሚዘፍን፣ የትኛውን ቡድን እንደሚደግፍ አይናገርም። ሞንቶያ ፍሎሪዳ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ቢኖር እንኳ መኖሪያ አድራሻው ብቻውን አሜሪካዊ አያደርገውም። ሰዓሊውና ቀራፂው ፈርናንዶ ቦቴሮም ለዓመታት ኒው ዮርክ ኖሯል። ዓለም የሚያውቀው ግን በኮሎምቢያዊነቱ ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ «ግማሽ» የምትለዋ ቃል ናት። «ግማሽ አሜሪካዊት»፣ «ግማሽ ኮሎምቢያዊ»። ተዋናይት ዳያን ጉሬሮን እንውሰድ። በ1986 ፓሴይክ፣ ኒው ጀርሲ ተወለደች። ያደገችው ቦስተን ነው። ወላጆቿ ኮሎምቢያውያን ናቸው፤ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም። እሷ 14 ዓመቷ ሳለ ተይዘው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ልጅቷ ቀረች። ጓደኞቿ ቤተሰብ ጋ ተጠግታ ትምህርቷን ጨረሰች። በኋላም በሰፊው በታየ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ታወቀች፤ ስለ ደረሰባት ነገርም በአደባባይ ተናገረች።

ልብ በሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። አንድ ገበታ ይበላሉ፣ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ሁለቱን መንግሥት አስወጣቸው። ሦስተኛዋን ማንም ሊነካት አልቻለም። ልዩነቱ አንድ ነገር ነው፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአሜሪካ ምድር የተወለደን ዜጋ ያደርጋል። (የውጭ አገር ዲፕሎማት ልጅ ከዚህ ውጭ ነው። ይህን የምለው በየጊዜው የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ነው።) ጉሬሮ ግማሽ አሜሪካዊት ብትሆን ኖሮ ያን ቀን ግማሽ መብት ነበር የሚኖራት። የነበራት ግን ሙሉ ነው። የቤተሰቧ መበተን ይህን ያህል የሚያምመውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሌላ አገር ተወልዶ፣ መጥቶ ዜጋ መሆን ነው። ጆን ሌጊዛሞ ቦጎታ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ገባ። ያደገበት ጃክሰን ሃይትስ እስከ ዛሬ የኮሎምቢያውያን ሰፈር ተብሎ ይታወቃል። ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ በሚሠራቸው ትያትሮች ስሙን ተከለ፤ በ2018 ልዩ የቶኒ የትያትር ሽልማት ተሰጠው።

ሶፊያ ቬርጋራ ደግሞ በ1972 ባራንኪያ ተወለደች። ከ2009 ጀምሮ በየሳምንቱ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ትታይ ነበር። ከተዋናዮች ሁሉ ከፍተኛ ከሚከፈላቸው አንዷ ነበረች። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው ግን በ2014 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ታዋቂም ሀብታምም ነበረች፤ ዜጋ ግን አልነበረችም። ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምናገረው አልነግራችሁም። ግሪን ካርድ መኖርና መሥራት ያስችላል፤ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ አያሰጥም፣ ከመባረርም ሙሉ በሙሉ አያድንም። ዜግነት የሚመጣው እጅን አንስቶ ቃለ መሐላ ሲፈጸም ነው።

ካርሎስ ያሞሳ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ እኔ ግን ታሪኩን እወደዋለሁ። ፓልሚራ፣ ኮሎምቢያ ተወለደ። ወደ ኒው ዮርክ መጥቶ በዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ ውስጥ ፅዳት ይሠራ ነበር። በየካቲት 1993 ሕንፃው በቦምብ ሲመታ እሱ ምሳ ላይ ስለነበር ተረፈ። ትርፍ ሰዓቱን ኳስ ይጫወት ነበር። ዲሲ ዩናይትድ አስፈረመው። በ1998 የአሜሪካ ዜግነት አገኘና ለብሔራዊ ቡድኑ ተጠራ። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫም የቡድኑ አባል ነበር። ይህን ሰው ምን እንበለው? ስያሜው የተሠራው በትክክል ለእሱ ዓይነቱ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ለምን እንደሚስተውም ይገባኛል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ ሊያወጣ ይችላል፤ ቢጫ ካርድ ግን መብት ይሰጣል እንጂ ዜግነት አይመልስም። በዚህ መነጽር የሚያይ ሰው ቬርጋራ ቃለ መሐላ ስትፈጽም ኮሎምቢያዊነቷን ያስረከበች ይመስለዋል። አላስረከበችም። የኮሎምቢያ የ1991 ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 96፣ በትውልድ ኮሎምቢያዊ የሆነ ሰው የሌላ አገር ዜግነት በመያዙ ዜግነቱን እንደማያጣ በግልጽ ይደነግጋል። ከዚያ በፊት ነገሩ ሌላ ነበር። ስለዚህ ከ1991 በፊት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ኮሎምቢያዊና ከዚያ በኋላ የወሰደን በአንድ ዓይን አትዩ፤ ፋይላቸው ይለያያል።

የቡና ከረጢት ላይ የሚጻፈውን አስቡት። አንዱ መስመር ቡናው የበቀለበትን አገር ይናገራል። ሌላው የተቆላበትንና የታሸገበትን። ሁለቱ መስመሮች አይጣሉም። ኮሎምቢያ ውስጥ ኪንዲዮ የበቀለ ቡና ሲያትል ተቆልቶ ሲሸጥ ከረጢቱ ላይ «ግማሽ ኮሎምቢያ» ተብሎ አይጻፍም። አንዱ መስመር ሌላውን አይሰርዘውም። እንቀጥል። የአረቢካ ዘር መነሻው የእኛ ደን ነው። ታዲያ የኪንዲዮን ቡና የኢትዮጵያ ቡና እንለዋለን? አንለውም። መነሻ ሲቆጠር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ቤተሰቡ ራሱ «ከዚያ መጣን» የሚለው ቦታ ላይ ነው። ቅይጥ ቡናም አለ። ተዋናዩ ዊልመር ቫልደራማ ማያሚ የተወለደ አሜሪካዊ ነው፤ አባቱ ቬኔዝዌላዊ፣ እናቱ ኮሎምቢያዊት። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ስኮት ጎሜዝ አላስካ ውስጥ አንኮሬጅ ተወለደ፤ የአባቱ ወገን ሜክሲኮ፣ የእናቱ ኮሎምቢያ። በኒው ጀርሲ ዴቪልስ ማልያ በ2000 እና በ2003 የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። እንደ ቡናው ሁሉ የሁለቱም አገር ስም ከረጢቱ ላይ ይሰፍራል፤ አንዱን መርጦ መጻፍ ቅይጡን ማዛባት ነው።

ስቴፋኒ ቤያትሪስ ላይ ስንደርስ ግን ከረጢቱ አይበቃንም። የተወለደችው አርጀንቲና ውስጥ ኔውኬን ነው። አባቷ ኮሎምቢያዊ፣ እናቷ ቦሊቪያዊት ናቸው። በሕፃንነቷ መጥታ ቴክሳስ አደገች፤ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው በኋላ ነው። በ2021 ዲዝኒ ታሪኩ ኮሎምቢያ ውስጥ የሚካሄደውን «ኤንካንቶ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም ሲሠራ ዋናዋን ልጅ በድምፅ የተጫወተችው እሷ ናት። የትውልድ ቦታዋን ብቻ ያየ ሰው «አርጀንቲናዊት» ብሎ ያልፋታል። ትውልደ ማለት ግን የተወለዱበት ሆስፒታል አይደለም። ከማን ተወለደች ነው ጥያቄው።

እዚያው ፊልም ላይ ጉሬሮም ሌጊዛሞም አሉ። ይህ ደግሞ ሌላ ስህተት ወለደ፤ ኮሎምቢያዊ ገጸ ባሕርይ የተጫወተ ሁሉ ኮሎምቢያዊ ይባል ጀመር። ፓብሎ ኤስኮባርን በቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተጫወተው ዋግነር ሞራ ብራዚላዊ ነው። ሚና ዘር አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልግባ። አንድ የእግር ኳስ ተንታኝ ስለ ሁዋን አጉዴሎ ሲናገር «አገሩን ትቶ ለሌላ አገር ተጫወተ» አለ። ወንድሜ፣ አጉዴሎ ማኒዛሌስ ተወልዶ በ7 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ኒው ጀርሲ ገባ። የ7 ዓመት ልጅ ምን ይተዋል? ኳስ የተማረው እዚያ ነው። ጓደኞቹ እዚያ ናቸው። በኅዳር 2010 ኬፕ ታውን ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ በ17 ዓመቱ፣ ለአሜሪካ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ ብቸኛዋን ጎል አስቆጠረ። እስከዚያን ጊዜ ለብሔራዊ ቡድኑ ጎል ካገቡት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ተጫዋች ሆነ። ያን ቀን የተጫወተው ለአገሩ ነው።

ቤዶያን ደግሞ ተመልከት። የ2016ቱ ኮፓ አሜሪካ ሲከፈት አሜሪካና ኮሎምቢያ ተገናኙ። ኮሎምቢያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ቤዶያ የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ነበር። በዚያ ቀን ልቡ ምን ይል እንደነበር አንተም እኔም አናውቅም፤ ሰነዱም አይጠይቀውም። በነሐሴ 2019 ደግሞ ለፊላደልፊያ ዩኒየን ዋሽንግተን ላይ ጎል አግብቶ ወደ ሜዳው ዳር ሮጠ። የቴሌቪዥኑን ማይክሮፎን ይዞ ምክር ቤቱ የመሣሪያ ጥቃትን እንዲያስቆም ጮኸ። የራሱን አገር ምክር ቤት ነው የተጣራው። እንግዳ ሰው እንዲህ አይቆጣም።

ተንታኙ ቀጥሎ «ፓስፖርት ያለው ሁሉ ለፈለገው ይጫወታል» አለ። ይህም ልክ አይደለም። ለፊፋ ፓስፖርት ብቻ አይበቃም። አዲስ ዜግነት የያዘ ተጫዋች ከአገሩ ጋር እውነተኛ ትስስር ማሳየት አለበት፤ እዚያ መወለድ፣ ወይ ወላጁ ወይ አያቱ እዚያ መወለዳቸው፣ ወይ ለዓመታት እዚያ መኖር። ለዋናው ቡድን በይፋዊ ውድድር ከተሰለፈ በኋላ ደግሞ መቀየር ከባድ ነው። በ2020 ሕጉ ትንሽ ላላ፤ በሩ ግን ገርበብ አለ እንጂ አልተከፈተም። የወዳጅነት ጨዋታ በዚህ አይቆጠርም።

ለክህደት ክሱ ከሁሉ የሚሻለው መልስ አንድ ቤተሰብ ነው። ክርስቲያን ጎንዛሌዝ የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካይ ነው፤ በ2023 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በመጀመሪያው ዙር መረጠው። እህቱ ሜሊሳ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 400 ሜትር መሰናክል ሮጣለች፤ ለኮሎምቢያ። አባታቸው ኮሎምቢያዊ ነው። ሁለቱም ያደጉት ቴክሳስ ነው። በተንታኙ ሚዛን ከሁለቱ ማን ከዳ? እሱ አገር ምረጥ ተብሎ እንኳ አያውቅም፤ የእሱ ስፖርት የሚካሄደው በክለብ ነውና። እሷ ኦሊምፒክ መሄድ ፈለገች፤ የአባቷ አገር በር ክፍት ነበር፤ ገባች። ሁለቱም ትውልደ ኮሎምቢያ አሜሪካውያን ናቸው። ማልያቸው ሌላ ነገር ነው።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ ዝርያ ያለው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው ሲባል ሁሉም ዜጋ ማለት አይደለም። የቆጠራው ቅጽ ዜግነት ሳይሆን መነሻ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱንም ሰዉ ራሱ ይሞላል። ዜጋውም፣ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ወረቀት የሌለውም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። የጉሬሮ ወላጆች ቢቆጠሩ ኖሮ እነሱም ይገቡ ነበር። ቁጥሩን ይዞ «ይህን ያህል አሜሪካውያን» ማለት ስህተት ነው።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያና አካባቢዋ የሚኖሩ አንባቢዎች ብዙ ናችሁ። ዘፋኟ ካሊ ኡቺስ በ1994 የተወለደችው እናንተው ከተማ ነው። ቤተሰቧ ከፔሬይራ ነው፤ ልጅነቷ እዚያና እዚህ አለፈ። በሁለቱም ቋንቋ ትዘፍናለች፤ በ2021 ግራሚ ወስዳለች። በአሜሪካ ሕግ ፊት የእሷና እዚያው የሚወለደው የእናንተ ልጅ አቋም አንድ ነው፤ ከተወለዱባት ቀን ጀምሮ አሜሪካዊ። የሚለያዩት በሌላኛው ጫፍ ነው። የኮሎምቢያዊ ልጅ ቆንስላ ሄዶ ከተመዘገበ የሁለቱም አገር ዜጋ ሆኖ ይኖራል። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ግን ምርጫ ያዛል። ልጁ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። 18 ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ያላችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።