ከቆሮሶ ቆዳ ምን ይወጣል? ስለ ዓሣ ተረፈ ምርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የቆመ ሰው የሚያየው ሥራ ፈጣን ነው። ወጣቶቹ ቆሮሶውን (ቲላፒያውን) በቢላዋ ከግራና ከቀኝ ፊሌቶውን ያነሡለታል፣ ቆዳውን ይገፉታል፣ የቀረውን ይወረውሩታል። አባ ኮዳ ረጅም አንገቱን ቀብሮ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ፊሌቶ የሚሆነው ከዓሣው ክብደት አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የአሞራው ድርሻ ከገዢው ይበልጣል ማለት ነው። በላቦራቶሪ ከዚህ ትራፊ ጋር ለሚውል ሰው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ቦታ ይነሣሉ።

«ከትራፊው የሚገኘው ዘይትና የዶሮ መኖ ነው»

ቆሮሶ ስብ የማያበዛ ዓሣ ነው። ዘይቱ ትንሽ ነው፤ በኦሜጋ 3ም እንደ ሰሜን ባሕር ዓሦች የሚመካ አይደለም። ሀብቱ ያለው ቆዳው ውስጥ ባለው ኮላጅን (ቆዳን አጠንክሮ በሚይዘው ፕሮቲን)፣ አጥንቱ ውስጥ ባለው ካልሲየም ፎስፌት እና የሆድ ዕቃው ውስጥ ባሉት ኢንዛይሞች ነው። የዓሣው የብር ብልጭታ እንኳ ጓኒን የተባለ ክሪስታል ነው፤ ፈረንሳዮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዓሣ ቅርፊት እያጠቡ ሰው ሠራሽ የሉል ዕንቁ ይቀቡበት ነበር።

«የዓሣ ቅርፊት ካይቲን ነው»

ይህ ስሕተት በተማሪዎች የጥናት ዕቅድ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ካይቲን ጠንካራ የሽፋን ንጥረ ነገር ሲሆን በብዛት የሚገኘው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ሽፋን ነው። የዓሣ ቅርፊት ግን በዋናነት ኮላጅንና ካልሲየም ፎስፌት ነው፤ ከሽሪምፕ ሽፋን ይልቅ ለአጥንት ይቀርባል። ተማሪው የሽሪምፑን መመሪያ እንዳለ ወስዶ ቅርፊቱን በጠንካራና በሚፈላ ኮስቲክ ሶዳ ሲቀቅል፣ የሚፈልገውን ኮላጅን አፍርሶ በመታጠቢያው ይደፋዋል። በእጁ የሚቀረውን ነጭ ዱቄት «ካይቲን» ብሎ ይመዝናል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጎ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ መጨመር። ካይቲን አይሟሟም። የዓሣው ማዕድን ግን ብዙም ሳይንተከተክ ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ ከዱቄቱ ጋር የጥናቱ ውጤትም አብሮ ይጠፋል።

«ያለ ኃይለኛ ኬሚካልና ያለ ሙቀት ምንም አይወጣም»

ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኮላጅን የሚፈልገው ቅዝቃዜና ትዕግሥት ነው። ቆዳው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ይቆራረጥና በአንድ ሊትር ውኃ 4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሟሟበት ፈሳሽ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይነከራል። ፈሳሹ እየደፈረሰ ሲመጣ ይለወጣል። የሚወጣው ሌላው ፕሮቲንና ቆሻሻው ነው፤ ኮላጅኑ ከቆዳው አይነቃነቅም። ከዚያ በደንብ ታጥቦ ከአቼቶ በሳሳ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። ያ ደረቅ ቁራጭ አብጦ፣ ብርሃን እያሳለፈ፣ ሲነኩት እንደ ተነከረ ተልባ ይሙለጨለጫል። ፈሳሹ ተጣርቶ ጨው ሲጨመርበት ኮላጅኑ ነጭ ክር እየሆነ ይሰበሰባል። ይህን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ዝም ብሎ ሲመለከተው ማየት ደስ ይለኛል።

ሙቀት የሚመጣው ጄላቲን ሲፈለግ ነው። ኮላጅን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሦስት ሰንሰለት ነው፤ ሲሞቅ ሹሩባው ይፈታል፣ ሲቀዘቅዝም ጄላቲን ሆኖ እንደ ቅልጥም መረቅ ይረጋል። ጄላቲን ራሱን የቻለ ጠቃሚ ነገር ነው። ግን አፍልቶ አውጥቶ ብልቃጡ ላይ «ኮላጅን» ብሎ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው።

«የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ይሻላል፣ የእኛ አይሆንም»

የኮድ ዓሣ ኮላጅን 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ሹሩባው መፈታት ይጀምራል። የቆሮሶው ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ይቋቋማል። ምክንያቱ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ሞቃት ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ዓሦች ኮላጅን ውስጥ ስለሚበዙ ነው። በብራዚል ፎርታሌዛ ሐኪሞች የቃጠሎ ቁስል የሚሸፍኑበትም የዚሁ የቆሮሶ ቆዳ ነው። ቆዳው በደንብ ጸድቶ፣ ከጀርም ነፃ ሆኖና በግሊሰሮል ታክሞ ነው የሚቀርበው፤ ከወጥ ቤት የተነሣ ጥሬ ቆዳ ቁስል ላይ መለጠፍ ኢንፌክሽን መጥራት ነው።

«ከዓሣ ስለሆነ ለማንም አይጎዳም»

የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው መጠንቀቅ አለበት።

«ትንሽ ቢሸትም ኬሚካሉ ያጸዳዋል»

አንድ ጊዜ ያለ በረዶ በአውቶቡስ ሲጓዝ ያደረ ቆዳ ደረሰኝ። መጣሉ አሳዝኖኝ ሥራውን ቀጠልኩ። ጨው ስጨምር ክር አልመጣም፤ የተገኘው ደፍርሶ የቀረ ውኃ ብቻ ነበር። ከሆድ ዕቃው ጋር በአንድ ባልዲ የተጣለ ቆዳ የዓሣው የራሱ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ይደርሱበታል፤ ባክቴሪያው ሲጨመር ሰንሰለቱ ላቦራቶሪ ሳይገባ ተቆራርጦ ያልቃል። የተቆራረጠውን መልሶ የሚጎነጉን ኬሚካል የለም። የሆድ ዕቃውን ለብቻ ፈጭቶ ፎርሚክ አሲድ ጨምሮ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ4 በታች ካወረዱት ግን፣ ያው ራስን መፍጨት ይጠቅማል፦ ባክቴሪያው ይታገዳል፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ የሚገኘውም ለከብትና ለዓሣ መኖ የሚሆን ፈሳሽ ነው።

ስለዚህ አሁን ወደ ሐይቁ የምሄደው በረዶ የሞላ ሣጥንና ሁለት ባልዲ ይዤ ነው። ልጆቹ ቆዳውን በአንዱ፣ የሆድ ዕቃውን በሌላው ይጥሉልኛል፤ መጀመሪያ ስቀውብኝ ነበር፣ አሁን ለምደዋል። ያልለመዱት አባ ኮዳዎቹ ናቸው፤ ሁለተኛውን ባልዲ እያዩ እስከ መኪናው ይሸኙኛል።