ታይመር የሚቆጥረው ምትን እንጂ ሰከንድን አይደለም

ባትሪ ለመቆጠብ የማይክሮኮንትሮለርን (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) የክሎክ ፍጥነት ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየሰከንዱ ብልጭ ይል የነበረው መብራት ይንቀራፈፋል፣ በሲሪያል መስመር (ቢት በቢት) የሚላከው ጽሑፍ የማይነበብ ይሆናል። ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት የተሳሳቱ እምነቶች አንዱ አይጠፋም።

«ታይመሩ ራሱን የቻለ ስለሆነ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት አይመለከተውም።»

ታይመር በቺፑ ውስጥ የክሎክ ምትን የሚቆጥር ክፍል ነው። ራሱን መቻሉ እውነት ነው፤ ፕሮግራሙ ሌላ ሥራ ላይ ሳለም ይቆጥራል። የሚቆጥረው ግን የሚደርሰውን ምት ብቻ ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤትሜጋ328ፒ በ16 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ ታይመር 0 ምቱን ለ64 አካፍሎ 256 ጊዜ ለመቁጠር 1,024 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። የቺፑን ፍጥነት በግማሽ ቢቀንሱት ያው ቆጠራ 2,048 ይወስዳል። ያለፈውን ሚሊሰከንድ የሚነግረው የአርዱዊኖ ተግባር «ሚሊስ» ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ አንድ ሰከንድ አለፈ ሲል ሁለት አልፏል።

«ኤፍ_ሲፒዩ የሚለውን ቁጥር ብለውጥ ፍጥነቱ ይለወጣል።»

አይለወጥም። ቁጥሩ የቺፑ ፍጥነት ስንት እንደሆነ በኮዱ ውስጥ የሚገልጽ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ለኮምፓይለሩ ስሌት የተሰጠ ነው፤ ቺፑ አያየውም።

«ሲሪያሉ በትክክል እየሠራ ስለሆነ ታይመሩም ትክክል ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስወቅስም አይመስለኝም፣ ደንቡ ራሱ ጠማማ ነውና። ኤስቲኤም32ኤፍ103 በተባለው ማይክሮኮንትሮለር ላይ ታይመር 2 እና ዩዛርት 2 (የሲሪያሉ ክፍል) ሁለቱም ኤፒቢ1 በተባለው አውቶቡስ (የቺፑን ክፍሎች የሚያገናኝ መስመር) ላይ ናቸው። የአውቶቡሱ አካፋይ (ፍጥነቱን ለአውቶቡሱ የሚቀንሰው ቁጥር) 1 ከሆነ ታይመሩ የአውቶቡሱን ፍጥነት እንዳለ ይወስዳል፤ ከ1 ሌላ ከሆነ ግን እጥፉን ያገኛል። ፕሮሰሰሩ በ72 ሜጋኸርዝ ሲሠራ አውቶቡሱ ከ36 ማለፍ ስለማይፈቀድለት አካፋዩ 2 ይሆናል፤ አውቶቡሱ 36፣ ታይመሩ 72 ማለት ነው። አሁን ፕሮሰሰሩን ወደ 36 አውርደው አካፋዩን 1 ያድርጉት። አውቶቡሱ እንደ ቀድሞው 36 ነው፤ ሲሪያሉም አንድ ፊደል ሳያዛባ ይሠራል። ታይመሩ ግን ከ72 ወደ 36 ወርዷል። ስለዚህ የአውቶቡሱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አካፋዩንም አይቶ ማስላት ያስፈልጋል።

«አዲሱን ፕሪስኬለር እንደጻፍሁ ወዲያው ይሠራል።»

ፕሪስኬለር ታይመሩ ከመቁጠሩ በፊት ምቱን የሚያካፍለው ቁጥር ነው። በዚሁ ቺፕ ላይ የተጻፈው ቁጥር ተራውን ይጠብቃል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ታይመሩ የያዘውን ዙር ሲጨርስ ነው። ዙሩ ረጅም ከሆነ እስከዚያ ድረስ ልኬቱ የተሳሳተ ነው። «ዩጂ» የተባለውን ቢት በመጻፍ ወዲያውኑ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። በተጨማሪም ቺፑ በተጻፈው ላይ 1 ስለሚጨምር፣ ለ72 ማካፈል የፈለገ ሰው የሚጽፈው 71 ነው።

«ከእንቅልፍ ሲነቃ ካቆመበት ይቀጥላል።»

ፕሮግራሙ ይቀጥላል፣ ፍጥነቱ ግን አይቀጥልም። ይኸው ቺፕ «ስቶፕ» ከሚባለው እንቅልፍ ሲነቃ የሚነሣው በውስጡ ባለው የ8 ሜጋኸርዝ ምንጭ ነው። የክሎክ ማዘጋጃው እንደገና ካልተጠራ፣ በ72 ሜጋኸርዝ የተሰላው የሲስቲክ (የፕሮሰሰሩ የራሱ ታይመር) 1 ሚሊሰከንድ 9 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

«እንግዲያው ፍጥነትን አለመንካት ይሻላል።»

ባትሪው በዚህ አይስማማም። ለሰዓትና ለቀን ቆጠራ 32,768 ኸርዝ የሚመታ የእጅ ሰዓት ክሪስታል አለ፤ ቁጥሩ ለሁለት 15 ጊዜ ሲካፈል በሰከንድ አንድ ምት ይሰጣል፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ቢወርድም ቢወጣም። ለሞተርና ለሲሪያል ደግሞ ፍጥነቱን የሚለውጠው ተግባር ራሱ አካፋዮቹን እንደገና አስልቶ ይጻፍ፤ ሲሪያሉም እየላከ ያለውን ሳይጨርስ ፍጥነቱ አይነካ።