ፒቲኤስ ምንድን ነው? ባክቴሪያ ስኳርን በር ላይ የሚይዝበት ዘዴ

ደብረ ብርሃን ላይ ወተት ቶሎ አይረጋም። በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ አስገብተውት ሲነጋ ቢያዩት ገና ቀጭን ነው። ያንኑ ወተት ይዘው ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ ግን ቶሎ ይረጋል። እናቴ «ብርዱ ይዞት ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ብርዱ የሚይዘው ወተቱ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው።

ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ይመገቡና ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ በዝቶ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ወደ 4.6 ገደማ ሲወርድ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዛል። እርጎ ሆነ ማለት ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነው። አፍ የሌለው ፍጥረት ስኳሩን እንዴት አስገባው?

አንድ ባክቴሪያ ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ዙሪያውን በስስ የስብ ሽፋን ተከቧል። ስኳር ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ስቡን ግን ማለፍ አይሆንለትም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉ። በር ብቻውን ግን አይበቃም። በገባበት መውጣትም አለ፤ ውጭ ያለው ስኳር ጥቂት ሲሆን ደግሞ የገባው መልሶ ሊያመልጥ ይችላል።

ብዙ ባክቴሪያዎች ለዚህ ያላቸው መላ ፎስፎትራንስፌሬዝ ሥርዓት፣ በአጭሩ ፒቲኤስ፣ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሳውል ሮዝማንና ባልደረቦቹ ኢ. ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ላይ ሲሠሩ ያገኙት ነው። ስኳሩ በሩን ሲያልፍ ፎስፌት የሚባል ትንሽ የፎስፈረስና የኦክስጅን ቅንጣት ይለጠፍበታል። ፎስፌት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ስቡን ሰንጥቆ መውጣት አይችልም። ስኳሩ እዚያው ቀረ።

ፎስፌቱ የሚመጣበት መንገድ ደግሞ የበለጠ ያስደስተኛል። መንዝ ውስጥ በደቦ የድንጋይ ቤት ሲሠራ አይታችኋል? ሰው ይደረደርና ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ግድግዳው ጋ ይደርሳል። እዚህም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ የሚነሣው ፎስፎኢኖልፓይሩቬት ከሚባል ሞለኪውል ነው፤ እሱም ቀደም ብሎ የገባ ስኳር ሲፈርስ የሚገኝ ነው። ከዚያ ኢንዛይም አንድ የሚባል ፕሮቲን ይቀበለዋል። ቀጥሎ ኤችፒአር የሚባል ትንሽ ፕሮቲን፣ ከእሱ ደግሞ ኢንዛይም ሁለት። በሩ ራሱ የኢንዛይም ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለአብዛኞቹ ስኳሮች የጋራ ናቸው። ኢንዛይም ሁለት ግን እንደ ስኳሩ ዓይነት ይለያያል፤ የግሉኮሱ ሌላ፣ የፍሩክቶሱ ሌላ ነው።

ቁጠባውን ልብ በሉ። ግሉኮስ ውስጥ ገብቶ ለመፍረስ መጀመሪያ ፎስፌት ሊለጠፍበት የግድ ነው። ፒቲኤስ ያላቸው ባክቴሪያዎች ያንን ሥራ በር ላይ ይጨርሱታል። አንድ ጊዜ ይከፍላሉ፣ ሁለት ጉዳይ ያልቃል። እርጎ ከሚያረጉት አንዱ የሆነው ላክቶኮከስ ላክቲስም ላክቶስን የሚያስገባው በዚሁ መንገድ ነው። ከገባ በኋላ ይቆርጠውና ግሉኮሱን ለብቻ፣ ፎስፌት የያዘውን ጋላክቶስ ለብቻ ያደርጋቸዋል።

ሁሉም በር ፒቲኤስ አይደለም። ኢ. ኮላይ ላክቶስን የሚያስገባው ከፕሮቶን፣ ማለትም ሙል ካለው የሃይድሮጅን ቅንጣት፣ ጋር አጣምሮ ነው። ማልቶስ ለሚባለው ስኳር ደግሞ ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ያወጣል።

በሩ ምርጫም ያውቃል። ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ሥራ ሁለት ዓይነት ስኳር ተቀላቅሎ የተሰጣቸው ባክቴሪያዎች አንዱን ጨርሰው፣ ትንሽ ቆም ብለው፣ ወደ ሌላው እንደሚሄዱ አሳየ። ምክንያቱ በከፊል ያ የድንጋይ ቅብብሎሽ ነው። ኢ. ኮላይ ግሉኮስ ሲያገኝ አብዛኛው ፎስፌት ወደ ግሉኮሱ ይፈስሳል። ከተቀባዮቹ አንዱ፣ የኢንዛይም ሁለት አንድ ክፍል፣ እጁ ባዶ ይቀራል። ባዶ እጁን የሆነው ይህ ፕሮቲን ሄዶ የላክቶስ በር ላይ ይጣበቅና ይዘጋዋል። ግሉኮሱ አልቆ እጁ እንደገና ሲሞላ በሩን ይለቃል። አእምሮ የለ፣ አዛዥ የለ፤ የእጅ መሙላትና መጉደል ብቻ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ስንመለስ፣ ቅዝቃዜ እያንዳንዱን ቅብብል ያዘገየዋል። በሮቹ የተተከሉበት ስብም ጠጠር ይላል። ስኳሩ ዘግይቶ ይገባል፣ አሲዱ ዘግይቶ ይወጣል፣ ወተቱም ዘግይቶ ይረጋል። እናቴ ይሄኔ ቅሉን ወደ ምድጃው ጠጋ ታደርገዋለች።