ኦ-38 ምንድን ነው?

ኦ-38 ዳግላስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለአገሩ ጦር የሠራው፣ ባለ ድርብ ክንፍና ባለ ሁለት መቀመጫ የቅኝት አውሮፕላን ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን «ዜሮ 38» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም፤ ነገር ግን መነሻው ፊደል እንጂ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ ጦር ከ1924 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የአሰያየም ደንብ መሠረት አውሮፕላን ሁሉ የሚጠራው በተመደበበት ተግባር ፊደል ስለነበር፣ ቦምብ ጣዩ «ቢ»፣ ተዋጊው «ፒ»፣ ቃኚው ደግሞ «ኦብዘርቬሽን» ከሚለው ቃል «ኦ» ተባለ። 38 በዚያው ዘርፍ የተሰጠው ተራ ቁጥር ነው።

ቅኝት ስንል የክራሩን አይደለም፤ የጠላትን አሰላለፍ ከላይ ሆኖ ማየትና የታየውን ሳይዘገይ ለምድር ጦር ማድረስ ነው። ይህን ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው መድፈኛው ነበር። መድፍ ተኳሽ ብዙውን ጊዜ ዒላማውን በዓይኑ አያየውም፤ ጥይቱን ከኮረብታ ማዶ ይልካል እንጂ የት እንዳረፈ የሚነግረው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። በአውሮፕላኑ የኋላ መቀመጫ ላይ ያለው ቃኚ ጥይቱ ማጠሩን፣ ማለፉን ወይም ወደ ጎን መሳቱን እየተመለከተ በሬዲዮ ያርመዋል። ከዚህ ሌላ ለካርታ ሥራ የሚውል ፎቶግራፍ ያነሣል፤ እግረኛው ጦር ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚያሳየውን ምልክት ያነብባል፤ መልእክትም በከረጢት አድርጎ ይጥላል። ከምድር ወደ አውሮፕላን የሚላክ ነገር ሲኖር ደግሞ ወታደሮች በሁለት ቋሚዎች መካከል ገመድ ወጥረው መልእክቱን ያስሩበታል፤ አውሮፕላኑም ሳያርፍ ዝቅ ብሎ በመንጠቆ ለቀም አድርጎት ያልፋል። ቃኚው አውሮፕላኑን ከኋላ ከሚመጣ ጠላት የሚከላከልበት ተዘዋዋሪ መትረየስም ነበረው። እንግዲህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከኋላ ወንበር ነበር ማለት ይቻላል፤ አብራሪው፣ ክብሩ ሳይነካ፣ ሾፌር ነው።

እንዲህ ላለው ተግባር ድርብ ክንፍ የሚስማማበት ምክንያት ነበር። አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ ተደርቦ በቋሚና በሽቦ ሲወጠር፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ቀላል ሆኖም ጠንካራ አካል ይሆናሉ፤ ክንፉ ወደ ጎን ብዙ ሳይረዝምም አውሮፕላኑን የሚያነሣው ገጽ ይሰፋል። በዚህም የተነሣ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ቀስ ብሎ መብረር፣ ከተራ የሣር ሜዳም መነሣትና ማረፍ ይችላል። በዓይን የሚቃኝ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ዝግታ ነው። ጉዳቱ እያንዳንዱ ቋሚና ሽቦ ከነፋስ ጋር ስለሚታገል ፍጥነት መጥፋቱ ነው።

ኦ-38 ራሱ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ሥሩ በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ተሠራው የዳግላስ ኦ-2 ይደርሳል፤ የቅርብ ወላጁ ደግሞ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሞተር የነበረው ኦ-25 ነው። በኦ-38 ላይ ይህ ሞተር ተነሥቶ በምትኩ ፕራት ኤንድ ዊትኒ የሠራው «ሆርኔት» ገባ፤ ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና 525 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበር። ራዲያተርና የውኃ ቧንቧ የሌለው ሞተር የሚበላሽበት ቦታም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ከተሠሩት ከ150 በላይ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ናሽናል ጋርድ፣ ማለትም በየክፍለ ግዛቱ ወደሚገኘው ተጠባባቂ ጦር ነበር። በኋለኞቹ ዓይነቶች ላይ አብራሪውንና ቃኚውን ከብርድ የሚከልል ተንሸራታች የመስታወት ሽፋን ተጨምሯል።

የኦ-38 ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ይህ ሲሠራ የሚያሳፍር አልነበረም፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ነጠላ ክንፍ ያለውና አካሉ ከብረት የተሠራው ማርቲን ቢ-10 መጣ፤ ቦምብ ተሸካሚ ሆኖ ሳለ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርር ነበር። ጦሩም ፊቱን እንደ ኦ-46 እና ኦ-47 ወዳሉ ባለ ነጠላ ክንፍ ቃኚዎች አዞረ። ይሁንና የኦ-38ን ዘር ያጠፋው ዝግታ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በ1942 የአሜሪካ መድፈኛ የራሱን ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲያገኝ የተሰጠው ፓይፐር ኤል-4 ባለ 65 የፈረስ ጉልበትና ከኦ-38 እጅግ የዘገየ ነበር፤ ግን ርካሽና ቀላል በመሆኑ ከመድፎቹ አጠገብ ካለ ማሳ ይነሣ ነበር። የኦ-38 ችግር መካከል ላይ መቅረቱ ነው፤ ከተዋጊ ለማምለጥ ዘገምተኛ፣ በመድፈኛው እጅ ለመዋል ደግሞ ትልቅ ነበር። በዚያው ዓመት «ኦ» የሚለው ፊደል ራሱ ከጦሩ የአሰያየም ደንብ ወጥቶ ለግንኙነት አውሮፕላኖች በተሰጠው «ኤል» ተተካ።

ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ኦ-38 አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ያተረፈው አደጋ ነው። ይህ አውሮፕላን በጥቅምት 1940 አላስካ ውስጥ ፌርባንክስ አጠገብ ባለው ላድ ፊልድ ለብርድ ሙከራ ሲያርፍ በሥፍራው ያረፈ የመጀመሪያው አውሮፕላን ነበር። ሰኔ 16 ቀን 1941 ከፌርባንክስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ ሞተሩ ጠፋና ጫካ ውስጥ ተገድዶ አረፈ። በውስጡ የነበሩት ሰዎች ሳይጎዱ፣ ስንቅ ከአየር ተጥሎላቸው በእግራቸው ወጡ፤ አውሮፕላኑ ግን 27 ዓመት እዚያው ቆመ። በሰኔ 1968 የቺኑክ ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ ሲያወጣው የጎደሉት ሁለቱ መቀመጫዎችና የጅራቱ ጎማ ነበሩ። እነሱም በአካባቢው ከሚኖር ሰው ዘንድ ተገኙ፤ መቀመጫዎቹ የጎጆው ወንበር፣ ጎማው የእጅ ጋሪ እግር ሆነው ሲያገለግሉ ነበር። አውሮፕላኑ ከዓመታት ጥገና በኋላ በ1974 ዴይተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ከነቀድሞ ሞተሩ ለእይታ ቀረበ።