ስውር መልእክት ምንድን ነው? የታገተ ቤተሰብና መሣሪያ ያነሳ አባት

ልጅ ሳለሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን እኛ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ ተርጓሚው በአንድ ድምፅ ጀግናውንም ወንበዴውንም ሕፃኗንም ሆኖ ይተርክልናል። ልጁ የታገተችበት አባት መሣሪያውን ከሳጥን ሲያወጣ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ያኔ የምናጨበጭበው ለሰውየው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ከሰውየው ጀርባ ለቆመ አቋምም እያጨበጨብን እንደነበር አምናለሁ።

ያ አቋም ነው ስውር መልእክት የሚባለው። ፊልሙ አፍ አውጥቶ ሳይሰብክ፣ ታሪኩን በሠራበት መንገድ ብቻ ተመልካቹን የሚያሳምንበት ሐሳብ ማለት ነው። ፕሮፓጋንዳ የሚባለውን አንድ አካል አስቦና አቅዶ ያሰራጨዋል። ስውር መልእክት ግን ጸሐፊው ራሱ ልብ ሳይለው ከዘመኑ ፍርሃትና ምኞት ወደ ታሪኩ ሊገባ ይችላል። የሚገኘውም በንግግሩ ውስጥ ሳይሆን ማን ተሸለመ፣ ማን ተቀጣ፣ ማን ጭራሽ አልታየም በሚለው ውስጥ ነው።

ታዲያ የአክሽን ፊልም ለምን ቤተሰብን ይመርጣል? ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ መንግሥት ከተነሳ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። «ልጄን መልሱልኝ» የሚልን አባት ግን ማን ይከራከረዋል? እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ኮማንዶ» እንመልከት። ከሥልጣን የወረደ አምባገነን የጡረተኛውን ወታደር ልጅ ያግታል። ምክንያቱም ወታደሩ በዚያች ልብ ወለድ በሆነች የላቲን አሜሪካ አገር የመንግሥት ለውጥ ላይ እጁ ነበረበት። በዚያው ዘመን አሜሪካ በኒካራጓ መንግሥት ላይ የተነሱትን የኮንትራ አማፅያን ትደግፍ ነበር። «አንድ ወታደር የሰው አገር መንግሥት ለመለወጥ ምን አገባው?» የሚለው ጥያቄ ግን ልጅቷ ከታገተችበት ደቂቃ ጀምሮ ይጠፋል። የሚቀረው የአባት እንባና ጥይት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ዳይ ሃርድ» ነው። የፊልሙ ጀግና ፖሊስ ነው፤ ሚስቱ ሆሊ ለሥራ ብላ ሎስ አንጀለስ ሄዳለች፤ የጃፓኖች በሆነ ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ኃላፊ ናት፤ በባሏ ስም መጠራትም ትታለች። ኩባንያው ለሥራዋ ውጤት የእጅ ሰዓት ሸልሟታል። በመጨረሻ የኩባንያውን ሕንፃ የያዙት ወንበዴዎች አለቃ ከመስኮት ሲወድቅ የሚንጠለጠለው በሆሊ እጅ ላይ ባለው በዚያ የእጅ ሰዓት ነው። ባልየው የሰዓቱን ማሰሪያ ይፈታዋል፤ ሰውየውም ሰዓቱም አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ። ወዲያው ሆሊ ራሷን በባሏ ስም ታስተዋውቃለች። ሥራዋን የሚመሰክረው ዕቃ ወደቀ፣ የባል ስም ተመለሰ። አንድም ሰው «ሴት ቤቷ ትቀመጥ» አላለም፤ ታሪኩ ግን ብሎታል። የጃፓን ገንዘብ አሜሪካን ሊገዛ ነው የሚለው የዘመኑ ስጋትም ሕንፃው ውስጥ አለ። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ ሶኒ ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ገዝቶታል።

ደሴ ላይ ግን ይህ መልእክት ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። እናቴ በባሏ ስም ተጠርታ አታውቅም፤ ትዳሯም በዚህ አልጎደለም። ስለዚህ የሆሊ ስም መለወጥ ለእኛ ስድብም ድልም አልነበረም፤ ሳናስተውለው አለፈ። መልእክት የሚሠራው ተመልካቹ ቁልፉን ይዞ ሲገኝ ነው።

ያለ ምንም ቁልፍ የሚገባው ሌላው ነው፤ አደጋ ሲመጣ አንድ አባት ብቻውን ይበቃል የሚለው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ፖሊስ ዘገምተኛ ነው፣ ባለሥልጣን ፈሪ ነው፣ ጎረቤት የለም፣ መደራደር ሽንፈት ነው። ወሎ ግን ሰው ሲገደል እንኳ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ መሃል ይገባል፤ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ደም እስኪደርቅ ድረስ ይመላለሳል። ቤተሰብ የሚባለውም ሚስትና ልጅ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ዘር ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቆጠሩበት ሰፊ ነገር ነው። የቤተሰብ ክብር የሚሉት ፊልሞች ይህን ሁሉ አውጥተው ባዶ ቤትና አንድ ጠመንጃ ሲያሳዩን፣ ቤተሰብን አጠበቡት እንጂ አከበሩት ለማለት እቸገራለሁ።

ባለፈው ኮምቦልቻ እህቴ ቤት «ኮማንዶ»ን ከልጇ ጋር እንደገና አየሁት። ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው። ገና ግማሹ ሳይደርስ ዞር ብላ፣ «አጎቴ፣ እናቷስ የት ናት?» አለችኝ። እስኪ እንይ አልኳት። እስከ መጨረሻው ጠበቅን። አልመጣችም።