«ጥብቅ አድርገህ እሰረው» እና ሌሎች የረገበ ቧንቧ ወሬዎች

ባህር ዳር ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው የሙቅ ውሃ ቧንቧው ግድግዳው ላይ ሲንዘላዘል የሚያዘኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሽቦ አምጣና ጥብቅ አድርገህ እሰረው»። እንደታዘዝኩ ባስር የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ በዓመቱ ተመልሼ መጠራቴ አይቀርማ።

ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ልለፋቸው።

«ውሃ እስከመጣ ድረስ መርገቡ ምንም አይደለም።» ነው እንጂ። የረገበው ቦታ ላይ ደለል ይቀመጣል፣ መጋጠሚያውም የቧንቧውን ክብደት ይሸከማል።

«ቧንቧ ሁሉ ወደ ቦይለሩ ማዘንበል አለበት።» ይሄ ከስልክ ቪዲዮ የተለቀመ ነው። ብርድ አገር ቤታቸውን በእንፋሎት ለሚያሞቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ወደ ቦይለሩ መመለስ አለበት፣ ቧንቧው ከረገበ ውሃው እዚያው ተጠራቅሞ ያንኳኳል። እኛ ጣና ዳር ተቀምጠን ቤት አናሞቅም! ግፊት ያለው የሻወር መስመር ማዘንበል አያስፈልገውም። ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ግን ጉብ ያለው ቦታ አየር ያፍናል፣ እሱን አስተካክሉ።

«ቤቱ ስለሰመጠ ነው።» አንዳንዴ። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዋናው ቤትና በኋላ የተቀጠለው ሰርቪስ እኩል አይወርዱም። ይህ ጉዳት የሚታየው ቧንቧው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ነው። እዚያ በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ ሰፋ ባለ ቱቦ ቁራጭ ውስጥ አሳልፉት። ቦይለሩ ሲበራ የሚንጋደድ፣ ሲቀዘቅዝ ቀጥ የሚል ቧንቧ ግን ከመሬቱ ጋር ጉዳይ የለውም።

አሁን ወደ ሽቦው። ፒፒአር (የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ) ሲሞቅ ይረዝማል። 10 ሜትር ቧንቧ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የብረት ቱቦ ቢሆን ግማሽ ሴንቲ እንኳ አይሞላም። የድሮ ሠራተኞች በብረት የለመዱትን አስተሳሰር ፒፒአር ላይ ሲያደርጉ የሚበላሸው ለዚህ ነው። ያ 6 ሴንቲ መሄጃ ይፈልጋል። በየቦታው ከታነቀ ወይ በክላምፖቹ (በቧንቧ መያዣዎቹ) መሃል ይጎብጣል፣ ወይ ጎሚቶውን (የመታጠፊያውን መጋጠሚያ) ይገፋል።

ሽምብጥ ሰፈር አንዲት እናት ቤት የሆነው ይኸው ነው። ሰርቪሱ ጋ ያለው ጎሚቶ ተሰንጥቆ ነበር። «ልጄ፣ ያለፈው ልጅ አላጠበቀውም፤ አንተ በደንብ እሰርልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ የሰበረው እኮ ማጥበቁ ነው» ብል ማን ይስማኝ። ሽቦውን ፈትቼ፣ ጎሚቶውን ቀይሬ፣ የቧንቧው ጫፍ ያለበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩና ሙቅ ውሃውን ለቀቅኩት። ጫፉ ምልክቱን አልፎ ሲሄድ ቆመው አዩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽቦ አላነሱም።

እንዲህ ይሠራል፦ መሃሉን አንድ ቦታ ጥብቅ አድርጉ፤ ርዝማኔው ለሁለት ተከፍሎ በየጫፉ 3 ሴንቲ ይሆናል። ሌሎቹ ክላምፖች ቧንቧውን ይደግፉ እንጂ አይነቁት። ለ20 ሚሊ ሜትር ሙቅ ቧንቧ በየ60 ሴንቲ ሜትር ግድም ይቀመጡ። ከጎሚቶው በኋላ ያለውን ከ75 ሴንቲ ያላነሰ ነፃ ተዉት። ፀሐይ ፒፒአርን ስለምትጎዳ ውጭ ያለውን ሸፍኑት፣ ግን ሲሸፈንም መንሸራተት ይችል።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይዝም። አንኳኩታችሁ የባህር ዛፉን ቋሚ ፈልጉና ብሎኑን እሱ ላይ ምቱ። ቋሚዎቹ ከተራራቁ በመሃል ጣውላ አግድሙና ክላምፑን ጣውላው ላይ እሰሩ። ቧንቧውን ቀጥ ለማድረግም ወለሉን ወይም ኮርኒሱን አትከተሉ፤ በአሮጌ ቤት ሁለቱም ያዘነበሉ ናቸው። ደረጃውን ለማየት ውሃ የሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በቂ ነው።

የዛገ የብረት ቱቦ ከሆነ ደግሞ ቀና ላድርግህ ብላችሁ ወደ ላይ አትግፉት። ቱቦው የሚሳሳው ጥርስ የወጣለት ቦታ ላይ ስለሆነ እዚያው ይቆረጣል፤ ቀይሩት።