የወላድና የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤ በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና አገር ከተማ ናት። ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከከፋ ወይም ከኢሉባቦር ምጥ ጠንቶባት ሪፈር የተጻፈላት እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ወደዚሁ ነው። ስለዚህ በጅማ የነርሶችና የአዋላጆች ሥራ ሲነሳ ጉዳዩ ከከተማዋ ነዋሪ አልፎ የሰፊ አካባቢ እናቶችንና ሕፃናትን ይነካል።

የወላድና የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤ የእርግዝና ክትትሉን፣ ምጡን፣ ወሊዱን፣ የአራስነቱን ወቅትና የሕፃኑን የመጀመሪያ 28 ቀናት ያጠቃልላል። ከሃያ ዓመት በፊት የባለሙያው ጭንቀት እናትየው ጤና ተቋም ትመጣለች ወይስ ቤቷ ትወልዳለች የሚል ነበር። ዛሬ ብዙዎች ይመጣሉ። አሁን ከባዱ ነገር ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ማን አጠገቧ እንዳለ ነው፤ ይህ ጽሑፍም በዚያ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ከሆስፒታል እስከ ቀበሌ

በጅማ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው ካቆሙት ሆስፒታል ነው። ያ ሆስፒታል ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆኗል፤ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ እንደሚያገለግል ይነገራል። የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1983 ተመሠረተ፤ በ1999 ደግሞ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ገና ከተቋምነቱ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅበት ነገር ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የሕክምና፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ወረዳ ወጥተው በጤና ጣቢያ ይሠራሉ፣ ቤት ለቤትም ይዞራሉ። አንዲት የነርስ ተማሪ የአራስ ቤት ጭስ ምን እንደሚመስል በዓይኗ አይታ ስትመለስ፣ ዋርድ ውስጥ የምትሰጠው ምክር ሌላ ይሆናል። እኔ የጅማን ትምህርት ከሌላው አብልጬ የማደንቀው በዚህ ነው።

ከሆስፒታሉ ሌላ በከተማዋ ሸነን ጊቤ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎች አሉ። ወደ ገጠሩ ሲወጣ ደግሞ የጤና ጣቢያ አዋላጆችና እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች አሉ። በመንግሥት ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ለመጓጓዣ፣ ለአስታማሚ ምግብና አንዳንዴም ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ግን የቤተሰቡ ነው።

ቁጥሮቹ የሚሉት

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2005 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የብዙ ሺህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አዋላጆች እግርና ላብ አለበት።

የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን አብሮ አልሄደም። በ2005 ከ1,000 ሕፃናት 39 በመጀመሪያው ወር ይሞቱ ነበር፤ በ2016 29 ደረሰ፤ የ2019ኙ ዳሰሳ ደግሞ 33 አሳየ። ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩት እናቶች በ2016 ከመቶ 17፣ በ2019 ከመቶ 34 ናቸው። ክፍተቱ ያለው እዚህ ነው፤ እናትየው መጥታ ወለደች፣ ከወለደች በኋላ ግን ያያት የለም።

የእናቶች ማቆያ

በጅማ ዞን ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚባሉ ቤቶች አሉ። መንገድ የራቃት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ታርፍበታለች፤ ምጥ ሲጀምራት ጥቂት እርምጃ ተራምዳ ማዋለጃ ክፍል ትገባለች። ሐሳቡ ከወሳንሳ ያድናል፤ በክረምት ጭቃ አምቡላንስ የማይገባበት ቀበሌ ላለች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማኅበረሰቡ እህልና ማገዶ ያዋጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ለወለደችው ገንፎ ይገነፋል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች ማቆያዎቹን አሻሽሎና የአካባቢ መሪዎችን አሠልጥኖ ውጤቱን በ24 የጤና ጣቢያ ቀጣናዎች ፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት መሠረት በተቋም የሚወልዱት ቁጥር አሳማኝ በሚባል መጠን አልጨመረም። ይህ ማቆያው አይረባም ማለት አይመስለኝም። አንዲት እናት ቤቷን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ትታ እንድትመጣ ልጆቿን የሚያይ፣ ላሟን የሚያልብ፣ «ሂጂ» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ደግሞ ሁሉም እጅ ማሳ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ በቤተሰቧ ማሳ ቡና የምትለቅመው ሴት ግን ፈቃድ የምትጠይቀው አሠሪ የላትም።

በምጥ ክፍል ውስጥ

ማዋለዱ በዋናነት የአዋላጆች ሥራ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ዋርድና የጨቅላ ሕፃናት ማቆያ ክፍሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በነርሶች ይሠራል። በአዋላጅነት ትምህርት የመጡት ለውጦች ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ምጡ ገፋ የሚባለው ማሕፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው ይላል፤ ቀድሞ 4 ነበር። በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ደግሞ ከልብ ምትና ከማሕፀን መክፈቻው ጎን ለጎን እናትየው አብሯት ሰው አለ ወይ፣ ፈሳሽ ወስዳለች ወይ፣ ሕመሟ ታግዟል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ የዚህ ቅጽ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ክብርን ከበጎ ፈቃድ አውጥቶ በየሰዓቱ የሚሞላ ሣጥን አድርጎታል።

በአገራችን «ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው መርህ በጤናው ዘርፍ ዕቅድ ውስጥ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሆኖም በአንድ ክፍል ውስጥ አራትና አምስት አልጋ ተደርድሮ፣ በመካከል መጋረጃ ሳይኖር፣ አንዲት አዋላጅ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሮጠች ክብር ለመስጠት ብትፈልግ እንኳ ጊዜና ቦታ ያጥራታል። ቁጣና ስድብ ግን በሥራ ብዛት አይጸድቅም። አንዴ በምጥ ላይ የተመታች ወይም የተሰደበች ሴት ሁለተኛ ልጇን ቤቷ ትወልዳለች፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች።

በጅማ የክብር ጥያቄ የቋንቋም ጥያቄ ነው። ዋርዱ ውስጥ በአንድ ሌሊት አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውርኛ፣ ከፍኛና የምኛ ሊሰማ ይችላል። «ግፊ» እና «አትግፊ» የሚለውን ያልተረዳች እናት ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። ጎበዝ አዋላጅ የጎደላትን ቋንቋ ከጽዳት ሠራተኛዋም ቢሆን ትዋሳለች፤ «ጀባዹ» የሚለውን የኦሮምኛ «አይዞሽ» ግን በየሰዓቱ ስለምትለው አስተርጓሚ አትፈልግም።

ደም መፍሰስን ለመከላከል ሕፃኑ እንደተወለደ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ፍሪጁ እንዲሠራ መጠበቅ የነርሷ ወይም የአዋላጇ ኃላፊነት ይሆናል። ሙቀት የሚችለው ካርቤቶሲን የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የገባው ለዚህ ነው። በ2023 የታተመና በአራት የአፍሪካ አገሮች የተሠራ ጥናት ደግሞ ደሙን በዓይን ከመገመት ይልቅ ምልክት ባለው ፕላስቲክ ከወላዷ ሥር እየተቀበሉ መለካትና ወዲያው በአንድነት የሚሰጡትን ሕክምናዎች መጀመር ከባድ መድማትንና ተያያዥ አደጋዎችን በ60 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ኢትዮጵያን አልጨመረም፤ ትምህርቱ ግን ለጅማም ይሠራል፣ በዓይን ግምት ብዙ ደም ሳይታይ ያልፋልና።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

ሕፃኑ ተወልዶ ካላለቀሰ አዋላጇ ያላት አንድ ደቂቃ ነው። ማድረቅ፣ ጀርባን ማሻሸት፣ አፍና አፍንጫን ማየት፤ ካልተነፈሰ ደግሞ አምቡ ባግ በሚባለው የእጅ መተንፈሻ መርዳት። መሣሪያው በካርቶን ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ከሆነ ደቂቃዋ በፍለጋ ታልቃለች። የተዘጋጀ ክፍል የሚለየው በዚህ ነው፤ እናትየው መግፋት ከመጀመሯ በፊት ባጉ ተሞክሮ፣ ጭንብሉ ተለክቶ፣ ሁለት ደረቅ ጨርቅ ተዘርግቶ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ጨቅላዎችን በብዛት የሚገድሉት ሲወለዱ መታፈን፣ ያለጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚሸነፈው በዚህች ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ምክረ ሐሳቡ እናትና ሕፃን ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ይቆዩ ይላል። በተግባር ብዙዋ በስድስትና በስምንት ሰዓት ውስጥ ልብሷን ትሰበስባለች። «ሲስተር፣ ልሂድ በቃ፤ ልጆቹን ለጎረቤት ነው የተውኳቸው» ትላለች። አልጋውም ሌላ ሴት ይጠብቀዋል፣ ባጃጁም በር ላይ ቆሟል። በዚህ መሀል ደሟ የቆመ የመሰላት ሴት ቤቷ ስትደርስ ትደማለች፤ የደም ግፊቷም አንዳንዴ የሚነሳው ከወለደች በኋላ ነው።

ለዚህ ነው በዚያች አጭር ጊዜ የምትሰጠው ምክር ዋጋ ያላት። እንገሩ ለሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት እንደሆነ ነግሮ መተው አይበቃም። በገጠር እንገሩን አልቦ መድፋት፣ ለሕፃኑም ቅቤ ማዋጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ውሳኔውም ብዙ ጊዜ የአማት ወይም የእናት ነው። ስለዚህ ጎበዟ ነርስ ወላዷን ብቻ አትመክርም። ገንፎውን ይዘው የመጡትን አማት ጠርታ «እማማ፣ ይኼን ልጅ አብረን እናሳድገው» ብላ ጡቱን እንዴት እንደሚይዝ በእሳቸው ፊት ታሳያለች።

እትብቱም እንዲሁ ነው። ቅቤ መቀባቱ እንዲቀር በኢትዮጵያ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጄል ለሰባት ቀን እትብት ላይ እንዲቀባ ይሰጣል። ከዓይን መድኃኒት ጋር ተምታትቶ ዓይን ያጠፋበት አጋጣሚ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ስለተመዘገበ፣ ቱቦውን እጇ ላይ አስይዞ «ለእትብት ብቻ» ማስባል የግድ ነው። ገላውን ማጠብም 24 ሰዓት ይቆያል። ጅማ እርጥበት ያላትና በክረምት የምትቀዘቅዝ ከተማ ናት፤ ታጥቦ የበረደው ጨቅላ ደግሞ መጥባት ያቆማል።

በእናት ደረት ላይ

ለሕፃን ሙቀት ከሚያስፈልገው ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ የእናት ደረት ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ቀላል ነው። ሕፃኑ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን በጡቶቿ መሀል ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ፤ ከዚያ በነጠላ ወይም በሰፊ ጨርቅ ይታሰራል። ነርሷ በእጇ የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው በታች መሆኑን፣ አንገቱ እንዳልታጠፈ፣ ደረቱም ሲተነፍስ እንደሚነሳ ትፈትሻለች።

ድሮ የሚጀመረው ሕፃኑ በማሞቂያ ተቀምጦ ከተረጋጋ በኋላ ነበር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ክብደታቸው ዝቅ ብሎ ለተወለዱ ሕፃናት ወዲያው እንደተወለዱ ሲጀመር ሞት በ25 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በዚሁ መሠረት ቀየረ። ይህ ለነርሶች ትልቅ የአሠራር ለውጥ ነው፤ እናት ከሕፃኗ ጋር በአንድ ክፍል ትተኛለች ማለት ነው። የጨቅላ ክፍሎቻችን ግን የተሠሩት እናት ለጥቂት ደቂቃ ገብታ አጥብታ እንድትወጣ ተብሎ ነው፤ አልጋ፣ ወንበር፣ መታጠቢያ ለእሷ አልታሰበም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እናት ከሆነች አባት ወይም አያት ደረታቸውን ይሰጣሉ፤ አባቶች ሲያፍሩ ባውቅም አንዴ ከታሰረላቸው በኋላ የሚያወልቁ ብዙ አይደሉም።

ነርሷ

ይህ ሁሉ የሚጠየቀው አንዲት ነርስ ለብዙ ሕፃናት በምትቆምበት፣ የሌሊቱ ፈረቃ በሚረዝምበት፣ ጓንትና ሳሙና አንዳንድ ቀን በሚጎድልበት ክፍል ነው። በጨቅላ ክፍል አንድ ያልታጠበ እጅ ብዙ አልጋ ያዳርሳል። ልምድ ያላት ነርስ በዓመትና በሁለት ዓመት ወደ ሌላ ዋርድ ስትዛወር በጨቅላ እጅ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ የማስገባት ብቃቷ አብሯት ይሄዳል፤ አዲሷም ከዜሮ ትጀምራለች። የጨቅላ ነርስን በክፍሏ ማቆየት ከማሞቂያ መግዛት የሚቀድም ይመስለኛል።

ከወሊድ በኋላ የሚመከሩት ቀጠሮዎች በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ በሁለተኛው ሳምንት እና በስድስተኛው ሳምንት ናቸው። አራሷ ወጥታ የማትሄድበት ጊዜ በመሆኑ በሦስተኛው ቀን የሚመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው፤ ያውም ማን መቼ እንደወለደች ከሆስፒታሉ ከተነገራት። ስልክ ተደውሎ የቀበሌው ስም ሲነገር ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፣ ደጁ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እሳት አጠገብ ተቀምጣ የሕፃኑን እግር በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች፤ ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ የምታደርገው ልብሱን አውልቃ በእናቱ ደረት ላይ ማስተኛት ነው።